ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ውዬ ኳስ ላይ እግሬ ለምን ይከዳኛል? ሚደክመው ጡንቻ ነው ወይስ ጭንቅላት?

የሳቢያን 8 ቁጥር

ሰላም ለሁላችሁ አቦ። እዚህ ቤት ስፖርት ምትሰሩም ህክምና ያጠናችሁም ስላላችሁ ግራ ያጋባኝን ነገር ልጠይቅ። ድሬ ሳቢያን ነው ምኖረው፣ በሳምንት 3 ቀን 11 ሰዓት ላይ ጸሀይዋ በረድ ስትል ከሰፈር ልጆች ጋ ኳስ እንጫወታለን፣ መሀል ሜዳ ነኝ። ስራዬ ሂሳብ ነው። ወር ሲዘጋ 4፣ 5 ቀን ከጠዋት እስከ 10 ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ ደረሰኝ ሳመሳክር ነው ምውለው፣ ከወንበር አልነሳም ማለት ይቻላል፣ እግሬ አርፏል፣ ምሳዬን በልቻለሁ፣ ውሀም ጠጥቻለሁ። ሜዳ ስገባ ግን 20 ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ጭኔ እንጨት ይሆናል፣ ማቀብለው ኳስ ይሳሳትብኛል፣ ሰው ሲያልፈኝ መመለስ ያቅተኛል።

ያለፈው ቅዳሜ ደሞ እናቴ ቤት ስትቀይር እቃ ስናወርድና ስንጭን ነው የዋልነው፣ ቁምሳጥን ምናምን ሁሉ፣ በቃ ዛሬስ አልችልም ብዬ ነበር ግን ማታ ሙሉውን ጨዋታ ተጫወትኩ። እንዴት ነው ነገሩ? ቁጭ ብሎ የዋለ ደክሞት ሲሸከም የዋለ ማይደክመው? ልጆቹ ሰነፍክ ነው ሚሉኝ፣ እኔ ግን ስንፍና እንዳልሆነ አውቃለሁ ምክንያቱም ልቤ መሮጥ ይፈልጋል እግሬ ነው እምቢ ሚለው። ያጋጠመው ካለ ይንገረኝ።

አብዲ ነምበር ዋን

ላክቲክ አሲድ ነው ወንድሜ፣ ጡንቻ ውስጥ ሲጠራቀም ነው። በደንብ አሟሙቅ ይለቅሃል።

ኮች ከዚራ

አብዲ ላክቲክ አሲድ ቢሆንማ ቁጭ ብሎ የዋለ ሰው ከየት ያመጣዋል?

እኔ ታዳጊዎች ሳሰለጥን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ልጅ ሮጦ ሲቆምብኝ "እግርህ አልደከመም፣ ጭንቅላትህ ነው የደከመው" እያልኩ ስጮህ ነው የኖርኩት። እውነትም ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሞቻለሁ ያለኝን ልጅ 2 ደቂቃ ቀረ ስለው ይፈተለካል። ያ ጉልበት የት ነበር? ምሩፅ ይፍጠርን አስቡት፣ ሞስኮ ላይ እ.ኤ.አ. 1980 5 ሺውንም 10 ሺውንም ሲያሸንፍ ሌሎቹም እኩል ነው የሮጡት፣ እኩል ነው የደከሙት፣ እሱ መጨረሻ ላይ ሲነሳ ግን ሚከተለው ጠፋ፣ ማርሽ ቀያሪው የተባለው ለዛ ነው። ጡንቻው ባዶ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ያ ማርሽ ከየት ይመጣል? ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል፣ "ጭንቅላትህ ነው" ስለው ልጁ "ውሸትህን ነው" ያልኩት ይመስለውና አንገቱን ይደፋል። ነገሩን ሚያውቅ ሰው ካለ በደንብ ያስረዳን፣ እኔም ለልጆቼ ምለውን ላስተካክል።

ፊዚዮዋ ከሐረር

ኮች ጥሩ ቦታ ላይ ነው የነካኸው። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ሐረር ነው ምሰራው፣ በየቀኑ ከዚሁ ነገር ጋ ስለምውል ትንሽ ላስረዝመው፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ላክቲክ አሲድን ከመንገድ እናንሳው። ሰውነት ውስጥ ሚገኘው ላክቴት ነው ሚባለው፣ እሱም ቆሻሻ አይደለም፣ ነዳጅ ነው፣ ልብም ጡንቻም አንጎልም መልሰው ያቃጥሉታል፣ ከሩጫ በኋላ 1 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጸዳል። በማግስቱ ደረጃ ስትወርዱ ጭናችሁን ሚያማችሁም እሱ ሳይሆን ጡንቻው ላይ የደረሰ ጥቃቅን ጉዳት ነው። ጡንቻ ራሱ ይደክማል፣ እሱ ሀሰት አይደለም፣ ሲሰራ ፎስፌት ይጠራቀማል፣ እንዲኮማተር ሚያደርገው ካልሲየም እንደበፊቱ አይለቀቅም፣ ስለዚህ ትዕዛዙ ቢደርሰውም ሚሰጠው ጉልበት ያንሳል። ይሄ የታችኛው ድካም ነው።

የላይኛው ደሞ አለ። እግር ለማንሳት ትዕዛዙ ከአንጎል ይነሳል፣ በህብለ ሰረሰር ይወርዳል፣ እዛ ያለ ነርቭ ተቀብሎ ለጡንቻው ያደርሰዋል። እያንዳንዱ ነርቭ የራሱ ሚያዛቸው የጡንቻ ክሮች አሉት። ስራው ቀላል ሲሆን ትንንሾቹ ናቸው ሚጠሩት፣ ቶሎ ማይደክሙት፣ ሲከብድ ወይም እነሱ ሲዝሉ ትልልቆቹ ይጨመራሉ። ደቦ በሉት፣ ማሳው ያው ነው ግን አጫጆቹ እየደከሙ ሲሄዱ ያንኑ ማሳ ለመጨረስ ብዙ ሰው መጥራት ያስፈልጋል። አንጎልም ለዛው ፍጥነት በየደቂቃው ትዕዛዙን ማጠንከር አለበት። "ከበደኝ" ሚለው ስሜት በብዛቱ ከዚህ እንደሚመጣ ነው ሚታሰበው፣ አንጎል ራሱ ስንት ጊዜ እየጮኸ እንዳዘዘ ይሰማዋል።

ከታች ወደ ላይ ሚሄድ መልእክትም አለ። ጡንቻው ውስጥ ቀጫጭን ነርቮች ተዘርግተዋል፣ ውስጡ ሲለወጥና ሲበላሽ ያሸቱታል በሉት፣ ወዲያው ወደ ህብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል ያሳውቃሉ፣ ልብና ትንፋሽ እንዲጨምር ያደርጋሉ፣ በዛው አፍ ደሞ "ቀስ በሉ" ብለው ከላይ ሚወርደውን ትዕዛዝ ይይዙታል።

እንዴት ታወቀ ብትሉኝ፣ እ.ኤ.አ. 1954 ሜርተን የተባለ እንግሊዛዊ የአውራ ጣት ጡንቻ ላይ ሰውየው ባለ በሌለ ኃይሉ እየገፋ ሳለ በመሀል በኤሌክትሪክ ነካ ያደርገው ነበር። ኤሌክትሪኩ ተጨማሪ ጉልበት ካወጣ አንጎል ያልተጠቀመበት ነገር ቀርቷል ማለት ነው። እሱ ምንም ተጨማሪ ስላላገኘ ድካም ያለው ጡንቻ ውስጥ ብቻ ነው አለ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን አውስትራሊያ ውስጥ ጋንዴቪያና ባልደረቦቹ ጭንቅላት ላይ ሚደረግ ማግኔት ጨምረው በክንድ ሲያዩት ሰውየው እየደከመ ሲሄድ፣ እየታገለ፣ ሙሉ ፈቃዱ እያለ፣ ከአንጎሉ ሚወጣው ትዕዛዝ ጎደሎ እየሆነ ነው ሚሄደው። የገረመኝ ደሞ ይሄ ነው፣ ሲጨርስ ክንዱን እንደ ደም ግፊት መለኪያ ባለ ማሰሪያ አስረው ደም እንዳይገባ ሲያደርጉ ትዕዛዙ እንደጎደለ ቆየ፣ ማሰሪያው ሲፈታ ቶሎ ተመለሰ። ጡንቻው "ገና አልጸዳሁም" እያለ እስከነገረው ድረስ አንጎል አልለቀቀም ማለት ነው።

ስለዚህ ኮች "ጭንቅላት ነው" ማለትህ ግማሹ ልክ ነው፣ ግን ውሸት ማለት አይደለም። ልጁ በፈቃዱ ሚያዘው ነገር አይደለም። መጨረሻው ሲታወቅ ግን አንጎል ያስቀመጠውን ይለቃል፣ የምሩፅ ማርሽ በዚህ በኩል ይገባኛል።

8 ቁጥር ያንተን ለብቻው እመልስልሃለሁ፣ ታካሚ መጥቶብኛል።

አብዲ ነምበር ዋን

ሃዬ፣ ላክቲክ አሲዱን ሰርዤዋለሁ። ስንት ዓመት ነው እንደዛ ስል የኖርኩት።

ፊዚዮዋ ከሐረር

ተመለስኩ። 8 ቁጥር ያንተ ጥያቄ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጣሊያን ቱሪን ውስጥ አንጀሎ ሞሶ የተባለ ሳይንቲስት በመሀል ጣት ክብደት ሚያስነሳ መሳሪያ ሰራ፣ ሰውየው ጣቱ እስኪዝል ያነሳል፣ መሳሪያው ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. 1891 ባወጣው ስራው ላይ አንድ መምህር ባልደረባው ተማሪዎች በቃል ሲፈትን ውሎ ሲመጣ ጣቱ ከወትሮው በጣም ቀድሞ እንደሚዝል አሳየ። ጣቱ እኮ ምንም አልሰራም፣ የሰራው ጭንቅላቱ ነው።

ከዛ ዌልስ ውስጥ እ.ኤ.አ. 2009 ማርኮራና ጓደኞቹ 16 ሰዎች ወስደው አንዴ 90 ደቂቃ ትኩረት ሚጨርስ የኮምፒውተር ስራ አሰሯቸው፣ ሌላ ቀን ደሞ ለዛው ያህል ሰዓት ዘጋቢ ፊልም አሳዩዋቸው፣ ከዛ ብስክሌት ላይ አቅማቸው እስኪያልቅ። ፊልም ባዩበት ቀን በአማካይ 754 ሰከንድ ቆዩ፣ ጭንቅላታቸው በደከመበት ቀን 640። ልባቸውና ጡንቻቸው ያሳየው ለውጥ የለም፣ ሚለየው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ስራው ከበደን ማለታቸው ነው። ሁለቱንም ቀን ያቆሙት ያው "ከዚህ በላይ አልችልም" ሚባለው ጣሪያ ጋ ነው፣ ደክመው ሲገቡ ግን ጣሪያው ቀርቦ ጠበቃቸው። ኳስ ተጫዋቾች ላይም ታይቷል፣ ቀለም ሚያጭበረብር ፈተና አለ አይደል፣ "ቀይ" ሚል ቃል በአረንጓዴ ተጽፎ ቀለሙን ተናገር ሚባል፣ እሱን 30 ደቂቃ ሰርተው ሲገቡ ሚሮጡት ርቀት አነሰ፣ ማቀበላቸውም መምታታቸውም ተበላሸ። የደረሰኝ ማመሳከርህ ያው እሱ ነው፣ ያውም ቀኑን ሙሉ። የቁምሳጥኑ ቀን ግን ጭንቅላትህ አርፎ ነው የዋለው።

ለምን እንደሆነ አንዱ ግምት አዴኖሲን ነው፣ አንጎል ሲሰራ ሚጠራቀም ነገር፣ ቡና ሚያነቃን የዚህን ነገር መቀመጫ ስለሚይዝበት ነው። ከጨዋታ በፊት 1 ሰዓት ገደማ ላይ አንድ ሁለት ስኒ ቡና ሚረዳው ለዛ ነው፣ ማታ እንቅልፍ ሚከለክልህ ከሆነ ግን ተወው፣ እንቅልፍ ይበልጣል።

የሳቢያን 8 ቁጥር

አላህ ይስጥሽ እህቴ። ስንፍና እንዳልሆነ ሰው ሲነግረኝ የመጀመሪያዬ ነው። ይሄን ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።

የቀፊራ ጫኝ

እኔም ልጠይቅ። ቀፊራ ገበያ ጫኝና አውራጅ ነኝ፣ ኩንታል ማሽላ፣ ሲሚንቶ፣ ያገኘነውን። መኪና አውርደን ስንጨርስ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ደሞ ሂሳብ ስንቀበል ፈርም ሲሉኝ ፊርማዬ ሌላ ሰው የፈረመው ይመስላል፣ ሻይ ብርጭቆ ሳነሳም ወይ እጨብጠዋለሁ ወይ ይፈሳል። በሽታ ነው እያልኩ እፈራለሁ፣ አባቴ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላው ደሞ ብቻዬን ማነሳው ኩንታልና ልጆቹ "ሆ!" እያሉ ማነሳው አንድ አይደለም፣ ሲጮሁልኝ ይቀለኛል። ይሄስ?

ፊዚዮዋ ከሐረር

ወንድሜ አብሽር፣ ከስራ በኋላ መጥቶ ካረፍክ በኋላ ሚጠፋ ከሆነ የድካም ነው። ጤነኛ ጡንቻ ላይ ነርቮቹ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየተተካ፣ በየራሳቸው ሰዓት ነው ሚያዙት፣ ለዛ ነው እንቅስቃሴያችን እንደ ውሀ ሚፈሰው። ሲደክም ግን ተተኪው ያልቃል፣ ትልልቆቹ በግድ ይገባሉ፣ እነሱ ደሞ ለረቂቅ ስራ አልተፈጠሩም፣ በዛ ላይ ብዙዎቹ አንድ ላይ ማዘዝ ይጀምራሉ፣ እሱ ነው እጅህን ሚያንቀጠቅጠው። ብርጭቆውን አብዝተህ ምትጨብጠው ደሞ አንጎልህ ጉልበትን ሚለካው በሰጠው ትዕዛዝ ስለሆነ ነው፣ ጡንቻው ሲዝል ያው ትዕዛዝ ሌላ ውጤት ይሰጣል፣ ልኬቱ ተዛብቷል። ይሄ በስራህ አደጋ አለው፣ ሰው እግሩ ላይ እቃ ሚጥለው፣ ከመኪና ላይ ሚንሸራተተው ቀኑ መጨረሻ ላይ ነው ሚሆነው፣ ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ጆንያዎች ለሁለት አንሱ። ግን መንቀጥቀጡ ጠዋት አርፈህ ስትነሳም ካለ፣ ወይም በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ሀኪም ይየው፣ አባትህን ስላነሳህ ነው።

ስለ "ሆ" ደሞ በፈተና የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. 1961 ኢካይና ስታይንሀውስ ሚባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች ክንዳቸውን ባለ በሌለ ኃይላቸው እንዲስቡ እያደረጉ አንዳንዴ ሳይነግሯቸው ሽጉጥ ወደ ላይ ይተኩሱ ነበር፣ አንዳንዴ ራሳቸው እየጮኹ እንዲስቡ ያደርጉ ነበር፣ በሁለቱም ጉልበታቸው ጨመረ። ጡንቻ በአንድ ጩኸት አያድግም፣ የለቀቀው አንጎል ነው። ጓደኞችህን በርቱ በላቸው።

የቀፊራ ጫኝ

እሺ እህቴ። ከትከሻዬ ላይ ኩንታል ነው ያወረድሽልኝ።

ሙሄ ለገሃሬ

ይሄን ሁሉ ከምታወሩ ከጨዋታ በፊት ትንሽ ብትቅም ድካም ሚባል አታውቅም። እኔ ሁሌ እንደዛ ነኝ፣ እግሬ እንዳለ አይሰማኝም።

ፊዚዮዋ ከሐረር

ሙሄ "እግሬ እንዳለ አይሰማኝም" ያልከውን ድጋሚ አንብበው፣ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. 2009 አማን የተባለ ተመራማሪ 8 የሰለጠኑ ብስክሌተኞች ላይ ወገባቸው ጋ በመርፌ ፈንታኒል ሚባል የህመም ማስታገሻ እየሰጠ ከእግር ወደ አንጎል ሚሄደውን መልእክት አደበዘዘው፣ የጡንቻ ጉልበታቸው ግን አልተነካም። 5 ኪሎ ሜትር ንዱ አላቸው። መጀመሪያ ላይ በረሩ፣ ሚገታቸው የለማ፣ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ግን ወደቁ፣ ሰዓታቸው አልተሻሻለም፣ ጡንቻቸው ከወትሮው በጣም አልቆ ተገኘ፣ ከብስክሌት ለመውረድና ለመራመድ የተቸገሩ ነበሩ። ያ መልእክት ሲጠፋ ጉልበት አልተጨመረላቸውም፣ ጠባቂ ነው የተነሳባቸው።

ጫት ደሞ በሌላ መንገድ ነው ሚሰራው፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ለሚባለው አነቃቂ መድሀኒት ዘመድ ነው፣ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን ሚባል ሚያነሳሳ ኬሚካል ያስለቅቃል፣ ልብ ያስመታል፣ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ የሰውነት ሙቀትም ይጨምራል። እንግዲህ ይሄን ድሬ ሙቀት ላይ ጨምረው። ዶፓሚን ሚያበዛ መድሀኒት ተሰጥቷቸው 30 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ብስክሌት የነዱ ሰዎች ከወትሮው ፈጥነው ጨረሱ፣ የውስጥ ሙቀታቸውም ከፍ ብሎ ከ40 ያለፈ ነበር፣ ሲጠየቁ ግን የተለየ ሙቀትም ድካምም አልተሰማንም አሉ። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያው መድሀኒት ምንም አልጨመረላቸውም። ማለት ሙቀት ሲሆን አንጎል ሚይዘውን ፍሬን ነው የለቀቀው፣ እሳቱ ግን እንዳለ ነው። ቶም ሲምፕሰን ሚባል እንግሊዛዊ ብስክሌተኛ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ጁላይ 1967 በዛ ንዳድ ሞን ቫንቱ ተራራ ሲወጣ ወድቆ ሞቷል፣ ደሙ ውስጥ አምፌታሚን ተገኝቷል። ከብስክሌቱ ወድቆም መልሰው እንዲያስቀምጡት ይፈልግ ነበር ይባላል።

እኔ ስለ በርጫ ልገስጽህ አይደለም፣ የቤተሰብህም የሰፈርህም ነገር ነው፣ ከኳስና ከሙቀት ጋ ግን አታገናኘው በአላህ።

ሙሄ ለገሃሬ

ግን ሁላችንም እንደዛ ስንጫወት ነው ያደግነው፣ ማን ምን ሆነ?

የሳቢያን 8 ቁጥር

ሙሄ የሆነ ሰው አለ። የዛሬ 2 ዓመት ሰኔ ላይ አብሮን ሚጫወት ልጅ፣ ከሁላችንም ጠንካራው፣ ከበርጫ ተነስቶ 9 ሰዓት ላይ ነው የመጣው፣ ያን ቀን ወበቁ ልዩ ነበር። መጀመሪያው ላይ ማንም አልቻለውም፣ ያየህ ሰው ዛሬ ምን ነካው ትላለህ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሲጣራ ስማችንን ማምታታት ጀመረ፣ ከዛ ኳሷን ይዞ ወደራሳችን ጎል ሮጠ፣ እኛ የሚቀልድ መስሎን ሳቅን። ያ ሳቅ እስካሁን ይከነክነኛል። ከዛ ወደቀ፣ ቆዳው ስነካው እንደ ምጣድ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ከመንገድ ሮጠው መጥተው ጀሪካን ውሀ በሙሉ አፈሰሱበት፣ ባጃጅ ጠርተን ወሰድነው፣ አልሀምዱሊላህ ተረፈ፣ ግን ብዙ ቀን ተኝቷል ኩላሊቱም ተነክቶ ነበር። ሲድን የነገረኝ "ምንም አልደከመኝም ነበር" ነው። ይሄን እስከዛሬ ጽፌው አላውቅም።

ኮች ከዚራ

አላህ ያቆየው፣ አንተንም። ለልጆቼ ይሄን ታሪክ እነግራለሁ፣ ስሙን ሳልጠራ። ሙሄ ለውድድር ሚዘጋጅ ካለም ይስማ፣ ካቲኖን በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነገር ነው፣ ሲመረመር ይገኛል።

እህቴ አንድ ልጅ ሜዳ ላይ እንደዛ ቢወድቅ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ፊዚዮዋ ከሐረር

ያ ሰውዬ ያደረጉት ነው ልክ። ማቀዝቀዝ ይቀድማል፣ መውሰድ ይከተላል። ጥላ ውስጥ አስገባው፣ ልብሱን አውልቅ፣ ገላውን በሙሉ ውሀ እያፈሰስክ አራግብ፣ በረዶ ካለ አንገት ብብትና ብሽሽት ላይ፣ ትልቅ ገንዳ ካለ ከነአካሉ ክተተው፣ መኪና ላይም ማቀዝቀዙ እንዳይቋረጥ። ንቃቱ ከተዛባ ውሀ በአፉ አታጠጣው፣ ይታነቃል። ምልክቱ ደሞ የላብ መቆም አይደለም፣ ብዙዎቹ እያላባቸው ነው ሚወድቁት፣ ምልክቱ ንግግርና አኳኋን ሲዛባ ነው፣ ስም ማምታታት፣ አቅጣጫ መሳት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት።

ሙሄ ለገሃሬ

8 ቁጥር ይቅርታ ወንድሜ፣ አላወቅኩም። ኳስ ባለበት ቀን እተወዋለሁ።

ሩጫ ከጀጎል

እኔ ደሞ ሐረር ነው ምሮጠው፣ ከሸዋ በር ተነስቼ እስከ አወዳይ መንገድ ድረስ፣ ደህና ነኝ። እህቴ ጋ ድሬ ስወርድ ግን ገና 10 ደቂቃ ሳልሮጥ ፍጥነቴ ይወርዳል። ገና ሳይሞቀኝ! የሙቀቱ ድካም ከሆነ መጀመሪያ መሞቅ አልነበረብኝም?

ፊዚዮዋ ከሐረር

የሀገሬ ልጅ ጥያቄሽ ደስ አለኝ። እ.ኤ.አ. 2004 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ብስክሌተኞችን 20 ኪሎ ሜትር አንዴ በ35 ዲግሪ አንዴ በ15 ዲግሪ አስነድተው አዩ። ሙቀቱ ውስጥ ገና የሰውነታቸው ሙቀት ከቀዝቃዛው ቀን ሳይለይ ፍጥነታቸውንም ወደ ጡንቻ ሚሄደውን ትዕዛዝም ቀነሱ። አንጎል ከቆዳ በሚመጣው ስሜት ተነስቶ ሂሳቡን ቀድሞ ይሰራል ነው ሚሉት፣ እስከመጨረሻ እንድትደርሺ። ብትገፊና ውስጥሽ 40 አካባቢ ቢደርስ ደሞ ትዕዛዙ ራሱ እየሳሳ ይሄዳል፣ ያ እንደ ድንበር ነው።

ከሐረር ወደ ድሬ ወደ 700 ሜትር ነው ምትወርጂው፣ ደንገጎን ስታልፊ አየሩ ፊትሽን ሲመታሽ ታውቂዋለሽ። ሰውነት ይለምዳል ግን ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ወርዶ አይለመድም። ስለዚህ ድሬ ስትሮጪ ሰዓትሽን አትይ፣ ስሜትሽን ቁጠሪ። ቦርግ ሚባል ስዊድናዊ ያወጣው መለኪያ አለ ከ6 እስከ 20 ሚቆጥር፣ በ10 ስታባዢው የልብ ምትሽን እንዲጠጋ ብሎ ነው። ለኛ ከ10 ስንት ብለን ብንጠይቅም ይበቃል። ሐረር ላይ 6 ሚሰማሽ ሩጫ ድሬም 6 ይሁን፣ ፍጥነቱ ቢቀንስም ያው ስራ ነው የሰራሽው።

ባጃጅ አሸዋ

እኔ አጭር ናት። ግራ እጄ ተሰብሮ ጀሶ ላይ ነው 5 ሳምንት፣ እየመነመነ ነው። ከነርቭ ጋ ሚያያዝ ነገር ካለ ምን ላድርግ?

ፊዚዮዋ ከሐረር

አለ። ቀኝህን አሰራው። አንድ እጅ በክብደት ሲሰለጥን ያልሰራውም ጉልበት እንደሚያገኝ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ይታወቃል፣ ጡንቻው አድጎ አይደለም፣ አንጎልና ህብለ ሰረሰር ትዕዛዙን ስለሚማሩት ነው፣ ሁለቱንም ወገን ይነካል። በሳምንት 3 ቀን ከበድ ያለ ነገር፣ 8 ጊዜ አንስተህ ሚያዝልህ ዓይነት። ግራህ እንደበፊቱ አይሆንም ግን ሚያጣውን ይቀንስለታል። ያከመህን ሀኪም አማክር በቅድሚያ።

ሩጫ ከጀጎል

ረመዳን ላይስ? እኛ ሰፈር ልጆቹ ከፉጡር በፊት ነው ሚጫወቱት።

ፊዚዮዋ ከሐረር

ከፉጡር በፊት ከሆነ ቀለል ያለ፣ 30 ደቂቃ ቢበዛ፣ መግሪብ ሊል ሲል፣ ጨርሰው ወዲያው እንዲጠጡ። ጠንካራው ልምምድ ከተራዊህ በኋላ ይሁን። ስኳር አፍ ውስጥ ሲደርስ ብቻ፣ ገና ሳይዋጥ፣ አንጎል ፍሬኑን እንደሚያላላ በአንጎል ምስል ሳይቀር ታይቷል፣ አንድ ሰዓት ሚፈጅ ብስክሌት ላይ አጉመጥምጠው ሚተፉት ሰዎች 3 በመቶ ገደማ ፈጥነዋል፣ ግን እሱ ለፆመኛ አይሆንም፣ የዲኑን ነገር ሚያውቁትን ጠይቁ።

የሳቢያን 8 ቁጥር (ከ3 ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ፣ ያው ወር ተዘግቶ ነው የጠፋሁት። ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ሂሳብ ስዘጋ በዋልኩበት ቀን ከቢሮ ወጥቼ ቀጥታ ሜዳ አልሄድኩም፣ ቤት ገብቼ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ 40 ደቂቃ ጋደም አልኩ፣ አንድ ስኒ ቡና፣ ከዛ ሜዳ። ከ10 ስንት ብዬ በየሩቡ ሰዓት ራሴን ስጠይቅ መጀመሪያው ላይ 5 ነው ሚሰማኝ፣ ባዶ ቀን ላይ 3 ነበር፣ ስለዚህ ወደኋላ ወርጄ ተከላካይ አማካይ ሆንኩ፣ ሩጫዬን ቆጠብኩ። ሙሉውን ጨርሻለሁ፣ ኳስ ማቀበሌ ግን አሁንም ይሳሳታል፣ እሱ አልተስተካከለም። ልጆቹ ጽሁፉን ካነበብኩላቸው ወዲህ ሰነፍክ አላሉኝም፣ አንዱ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው፣ "ለካ እኔም" አለ።

ሌላ ደሞ ተነጋግረን የወር መዝጊያ ሳምንት ጨዋታውን ወደ ጠዋት 12 ሰዓት አዙረነዋል፣ ጭንቅላቴ ገና ሳይሰራ፣ ድሬም ገና ሳትሞቅ። ሙሄም ይመጣል። በረኛ ግን የለንም።

ኮች ከዚራ

አንድ ልጅ አለኝ ጎበዝ በረኛ። ነገ 12 ሰዓት ይዤው እመጣለሁ፣ ሜዳው የቱ ጋ እንደሆነ በውስጥ ጻፍልኝ።